ስፒል በከንፈሩ

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እኛ እንዲያው አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው።

አባባ አሁንም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። የሚተነፍስለት ማሽኑ ነው፤ ቱቦው በአፉ ስለገባ መናገር አይችልም። ማሽኑ እንደ አሮጌው ስፌት መኪናው ሲያንቋርር ብትሰሚው! አንደበቱ ቢፈታለት መጀመሪያ የሚለው፣ «ይቺን መኪና ዘይት የሚቀባት ጠፋ?» ነበር።

ዓይኑን ሲገልጥ ሁለት ጣቱን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጋል። እማዬ ምን ማለቱ ነው አለችኝ። መቀሱን ነው፣ ሥራው ናፍቆት ነው አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ? ደስታዋን ብታዪ! በማግስቱ ትልቁን መቀስ ከልብስ ስፌቱ ቤት በፎጣ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ነርሷ ስለት አይገባም ብላ ከበር መለሰቻት። ኮሪደሩ ላይ ታቅፋው ዋለች።

እኔና አንቺ ግን ስንላላክለት ያደግን ነን። ስፒል በከንፈሩ ነክሶ ሲሰፋ በጣቱ አልነበር የሚያዘን? ያቺ ምልክት መቀስ አምጡ ማለት ሆና አታውቅም። «አለቀ፣ ክሩን ቁረጡት» ነበረች።

ትናንት ሐኪሙ ቢሮው አስገባንና ሳንባው ከእንግዲህ አይመለስም፣ ማሽኑን እናቆየው ወይስ እናንሳው፣ ተመካከሩ አለን። ስንወጣ እማዬ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ስፒል ነክሶ ሲሰፋ እኔስ ከጎኑ አልነበርኩም እንዴ?» አለችኝ። ክው አልኩልሽ። ለካ ስትጠይቀኝ የምታውቀውን ነው፤ እንድዋሻት ፈልጋ ኖሯል።

እኔም ከዚያ ወዲያ መዋሸት አቃተኝ፤ ተቃቅፈን አለቀስን። አባባ የፈለገው ይሁንለት ብላለች። «ትልቋ ሳትመጣ ግን ማንም ምንም አይቆርጥም» አለችና መቀሱን ይዛ ቤት ገባች። አሁን ትራሷ ሥር ነው።

እንግዲህ ነይ ነው የምልሽ። አትምጪ ማለትም አምሮኝ ነበር፤ አንቺ እስክትደርሺ አባባ አለና።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ልጆችሽን ይጠብቅልሽ። ቀስ ብለሽ ነይ፣ እትዬ።

ታናሽ ወንድምሽ