የበር ላይ ቃል

የካቲት 11

ስሜነሽ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ባጃጁ ከአስፋልት ወርዶ ዳገቱን እምቢ አለ፤ የቀረውን በእግሬ። ሱፐርቫይዘር ማለት በእግሩ ሄዶ ወረቀት ይዞ የሚመለስ ሰው ነው... ማን ነበር ያለው? እኔው ሳልሆን አልቀርም።

አምና አንደኛ ክፍል የተቀበለቻቸውን ልጆች ይዛ ሁለተኛ ገብታለች። በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ልጅ ሁሉ ከቤቱ አንድ ወሬ ይዞ ይመጣል፤ ለእሷ ይነግራታል፤ ከዚያ ይገባል። በአዊኛ።

"ወለደች።"

"ማን?"

"ላማችን!"

ዋጋዬ የምትባል ትንሽ ልጅ ግን በጆሮዋ ነገረቻት። ስሜነሽ እስኪያንቃት ሳቀች። ምን አለችሽ? አልኳት።

"ምስጢር ነው ጋሼ። አባቷ ትናንት ከፈረስ ወድቆ፣ ሰው ሳያየው ቶሎ ተነሣ።"

ሰሌዳው ላይ "ወደቀ" ብቻ ጻፈች። "ወለደች"ንም። የዕለቱ ንባብ እሱ ነው። ቃሉን ያመጣው ልጅ ቀድሞ ያነበዋል፤ ምን እንደሚል ያውቀዋላ። ከዚያ ሌላው። የኋላ ወንበር ሳይቀር አነበበ። የኋላ ወንበር ሲያነብ ያየሁት መቼ ነው?

የካቲት 12

ዛሬ አንድ የአዊኛ ቃል ጠፋኝ። የበረት መዝጊያውን አግዳሚ እንጨት እናቴ የምትጠራበት። ስትጠራው ድምፅዋ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን የለም። ከተማ ቀስ ብሎ ነው የሚወስድ።

የካቲት 19

የስሜነሽን ክፍል ነገር ስነግረው የቢሮ ኃላፊያችን ይሄይስ ከወንበሩ ተነሣ። "ምርጥ ተሞክሮ ነው እኮ ጋሽ ፀጋው! ይቀመር፣ በየትምህርት ቤቱ ይስፋ!"

"የበር ላይ ቃል" ብዬ በጽሑፍ ቀመርኩት። ዓላማ፣ ሂደት፣ ውጤት። ስጨርስ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ዋጋዬ የለችበትም። ከፈረስ የወደቀ አባት በየትኛው ርዕስ ሥር ይገባል?

ሚያዝያ 8

ዳንግላ። "የበር ላይ ቃል" እዚህም ተጀምሯል ተባለና ላየው መጣሁ። ከመናኸሪያ በጋሪ። ርዕሰ መምህሩ ግቢው በር ላይ ይጠብቀኛል፤ ልጆቹ ታጥበው፣ ተሰልፈው።

"ንጽሕና።"

"ሰላም።"

"ልማት።"

"ንጽሕና።"

አንዱ ቃሉ ጠፋበት። ርዕሰ መምህሩ ከኋላዬ፣ "ትጋት! ትጋት በል እንጅ!" ልጁ አለቀሰ። "ትጋት" እያለ አለቀሰ።

"ትናንት ስናስጠናቸው ነው የዋልነው" አለኝ ርዕሰ መምህሩ። ደስ ብሎት። ምን ልበለው? ያለውን ሁሉ ከእኔ ጽሑፍ ነው ያገኘው። ቅጹ ላይ "ተተግብሯል" ብዬ ጻፍኩ።

ሚያዝያ 9

ከጥሊሊ በላይ የነበረው የመጀመሪያ ክፍሌ ትዝ ብሎኝ ዋለ። በረዶ ቆርቆሮውን ሲመታ መምህርም ተማሪም አይሰማም። እኔ ሰሌዳው ላይ ጥያቄ እጽፋለሁ፤ እነሱ እየመጡ መልሱን ይጽፋሉ። ማንም ምንም አይልም። የረጠበ ጋቢ ሽታ፣ የጠመኔ ብናኝ... በረዶው ሲያባራ ሁላችንም እናፍር ነበር፤ የተያዝን ይመስል። ያን ጊዜ ማንም አልቀመረን። ደግነቱ።

ሐምሌ 3

ስሜነሽ የቢሮ ባለሙያ ሆና ተመደበች። በተሞክሮዋ ምክንያት። ማለትም... በእኔ።

ቤት ድረስ መጣች። ባለቤቴ ምሕረት ድንች ቀቅላ አቀረበችላት። እኔ ድንች መላጥ ያዝኩ።

"ጋሼ ደስ አላለዎትም?"

"ልጆቹስ?"

ድንቹን አስቀመጠች። "እኔስ? ባሌ እንጅባራ፣ እኔ ጭቃ ውስጥ። ልጄ እንኳ 'እንግዳዋ መጣች' እያለ ነው የሚቀበለኝ። ሌላው ሲወጣ እድገት፣ እኔ ስወጣ ጥፋት ነው?"

ምሕረት ከምድጃው ዘወር ሳትል፣ "እውነቷን ነው። አንተንስ ከክፍል ያወጣህ ማን ሆነና? ሰይጣን ነው?" አለች።

ትክክል ናት። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጥሩ መምህር ሲገኝ ከክፍል ይወጣል፤ ሽልማታችን እሱ ነው። ሌላ ሽልማት አናውቅም?

ነሐሴ 20

"ማን ይተካታል?" አልኩት ይሄይስን።

"ይመደባል።"

"መቼ?"

"በጀት ሲፈቀድ። እስከዚያ ሦስተኛ የሚገቡት ልጆቿ ከሁለተኛ ክፍል ጋር አብረው ይቀመጣሉ።"

ማለትም ያነበቡትን እንደገና ሊያነቡ። የኋላ ወንበር እንደገና የኋላ ወንበር ሊሆን።

"እኔ ልሂድ" አልኩ። ሳላስበው ወጣ። ወይስ ከሚያዝያ ጀምሮ ሳስበው ኖሬ ይሆን?

"የት?"

"ሦስተኛ ክፍል።"

ሳቀ። "ጋሽ ፀጋው፣ ሰው ጡረታው ሲደርስ ወደ ቤቱ እንጅ ወደ ሦስተኛ ክፍል አይሄድም!" እንዳልሳቅሁ ሲያይ ተወው። "ሰው ምን ይላል? ተቀጣ ነው የሚሉዎት።"

ይበሉ። ...ይሉኝ ይሆን?

ነሐሴ 21

ለምሕረት ነገርኳት። "ጉልበትህስ?" ብቻ አለች። ከዚያ የድሮውን ቦቲ ጫማዬን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች።

መስከረም 16

ፈራሁ። ይህን ያህል ዕድሜ ይዤ ልጆች ፈራሁ።

በሩ ላይ መቆም አልደፈርኩም፤ የእሷ ቦታ ነው። ከሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አልገቡም። ውጭ ተደራርበው ቆሙ፤ የኋላው የፊተኛውን ይገፋል፣ የፊተኛው አይራመድም። "ግቡ" አልኩ። በአዊኛ ደገምኩት። በአዊኛዬ ሳቁ፤ ግን አልገቡም።

ዋጋዬ አንገቷን አስግጋ፣ "ማን ይቀበለን?" አለች።

ሄጄ ቆምኩ። ምን አደርጋለሁ? እንዳልካቸው የሚሉት ቀድሞ መጣ። "ድመታችን ከጎረቤት አደረች" አለኝ፤ ከዚያ እስክስቅ ጠበቀ።

ጥቅምት 6

ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ፊደል ይንጋደዳል። በየክፍሉ እየዞርኩ "የሰሌዳ አጠቃቀም ዝቅተኛ" ስል የኖርኩ ሰው።

ኅዳር 12

ስሜነሽ መጣች። ለክትትል። የቢሮው ቦርሳ በትከሻዋ። የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነበር። በሩን ገፋ ስታደርገው ልጆቹ ሁሉ ብድግ! እጃቸውን አጣምረው፣ በዜማ፣ "እንኳን ደህና መጡ!"

መጡ አሏት። አንቱ። ማን አዘዛቸው? ማንም። ከቢሮ እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚባለው።

"ተቀመጡ" አለች። ድምፅዋ የሷ አልነበረም። የኋላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች፣ ቅጹን ጭኗ ላይ አድርጋ። ብዙ የጻፈች አይመስለኝም።

ስጨርስ ውጭ ወጥተን ባሕር ዛፉ ሥር አስተያየት ሰጠችኝ። "በጠንካራ ጎን የታየው የተማሪዎች ተሳትፎ ሲሆን፣ በቀጣይ መሻሻል ያለበት ደግሞ..." ቆመች። "ወይኔ ጋሼ። እርስዎን መሰልኩ።"

"ቁርጥ እኔን።"

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀብን።

"ዋጋዬ ረሳችኝ?"

"አልረሳችሽም።"

"ታዲያ ለምን ተነሣች?"

ልጅሽስ አሁን ምን እያለ ይቀበልሻል አልኳት። ቀና አለች። "እማ መጣች ይላል።" ፊቷን ጠረገችና ሄደች። ጫማዋ አዲስ ነው፤ ጭቃውን እየመረጠች ነው የወረደችው።

ወደ ክፍል ተመለስኩ። ያን ሁሉ ዓመት፣ የክፍል በር በከፈትኩ ቁጥር ወንበር ይንኳኳል፤ ይነሡልኛል። ዛሬም ሰውነቴ ያንን ጠበቀ። ማንም አልተነሣም። እንዳልካቸው ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር እርሳስ ይነጣጠቃል። ዋጋዬ ደብተሯ ላይ እንዳቀረቀረች፣ በአማርኛ፣ "ጋሼ፣ በሩን ዝጋው፤ ብርድ ገባ" አለችኝ።

ዝጋው። አንተ። አማርኛው ስላልሞላላት ይሆን? ይሁን።

ዘጋሁት።