ቀሪቦው በቢራ ብርጭቆ

የከድር አባት፣ አላህ ቀብርህን ያብራልህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ሆዴ ሲረጋ እጽፍልሃለሁ ስል ቆይቼ፣ ይኸው ተናድጄ ጻፍኩልህ።

ሐሙስ ዕለት ልጃችንን ዘሀራን ለትዳር ሊጠይቁ የወንዱ ልጅ ሽማግሌዎች ከጨፋ ሮቢት መጡ። ምግቡ ሞልቷል፤ የጠፋው የመጠጫ ዕቃ ነው። ማን አጠፋው ብትል አንተ ነህ። የሰፈሩ ሰርግና ለቅሶ ሁሉ በእኛ ብርጭቆ ነበር የሚጠጣው። ይመልሱታል እያልክ ታውሳለህ፤ ሲመለስ ግማሹ የለም፣ ግማሹ ጠርዙ ተሸርፏል። የተሸረፈ ለእንግዳ አይቀርብም ብለህ ደግሞ ትጥለዋለህ። አዋሹም ጣዩም አንተ፣ መከራው ግን ለእኔ ተረፈ።

ከድር ባጃጁን አስነስቶ ገበያ ሄደና አንድ ካርቶን ብርጭቆ ይዞ መጣ። ረጃጅምና ጥርት ያሉ ናቸው። ጎናቸው ላይ ያለው የፈረንጅ ጽሑፍ ጌጥ መስሎኝ አጣጥቤ ደረደርኳቸው። ያንን የማያሰክረውን ጥቁር የገብስ ቀሪቦ ከጆጉ ስቀዳበት አረፋው ገንፍሎ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ብርጭቆውን አዩና እርስ በርስ ተያይተው መልሰው አስቀመጡት። ለካ የቢራ ፋብሪካ ምልክት ኖሯል። ገብሱን ቆልቼ፣ ጠምቄ፣ ስንት ለፍቼ በሰው ፊት ቢራ ቀጂ ሆንኩልህ። የዘሀራ ፊት አመድ መሰለ። የልጁ አጎት ስለ ኒካው ገና ትንፍሽ አላሉም ነበር፤ በር በሩን ማየት ጀመሩ።

ያዳኑኝ ትልቁ ሽማግሌ ናቸው። «ሀዳ ከድር፣ የከድር እናት፣ ቅር እንዳይልሽ፤ አንድ ሌላ ኩባያ ካለሽ በየተራ እንጠጣለን» አሉኝ።

የነበረኝ ያንተ ነጭ የብረት ኩባያ ብቻ ነው። ከሄድክ ወዲህ በሻሽ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት፣ ልጆችህ እንኳ እንዳይነኩት ከልክዬ ነበር። አፍህ ያረፈበት ሌላ ምን ዕቃ አለኝ? እያረረኝ አወጣሁት። ቢስሚላህ እያሉ ተቀባበሉት፣ ዱዓ አደረጉልህ፣ ለኒካውም ቀን ተቆረጠ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ልጠቀልለው ሻሹን አነሳሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ያ ሁሉ ሰው ጠጥቶበት እኔ ብቻ ምን በወጣኝ ብዬ ውሃ ቀዳሁበትና ጠጣሁ። ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር አንድም ቀን በኩባያህ ጠጥቼ አላውቅም ነበር። አልረሳህም፤ እየተናደድኩብህም ቢሆን በየቀኑ እጠጣበታለሁ።