በንባብ ክፍል ስላሰማሁት እልልታ

ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ
በቢሮዎ

ቀን፦ ማክሰኞ

ጉዳዩ፦ ወደ ወጣቶች ንባብ ክፍል እንዳልገባ የተጣለብኝ እገዳ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሯል። ወደ ወጣቶች ክፍል ስገባ የነበረው የሟች እህቴን ልጅ ስለማሳድግ፣ ደንቡ በሚፈቅደው መሠረት በአሳዳጊነት ነው። ልጅቱ እናቷ ካረፈች ወዲህ ከ«እሺ» እና ከ«አልራበኝም» በቀር ቃል አይወጣትም ነበር።

2. እጄን አጣምሬ ሳዛጋ ብታየኝ ጊዜ፣ ከአዲሶቹ የወጣት ልብ ወለዶች አንዱን አንሥታ «እንኪ፣ ዝም ብለሽ አንብቢ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ለደረሰው ተጠያቂው መሥሪያ ቤትዎ ነው። በአዳሪ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው መንፈስ፣ ደንበኛዬን ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስረስቶኛል። በቼዝ ተፎካካሪነት ጀምረው የተዋደዱት ልጆች አስለቅሰውኛል። የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ የምትመረምረውን ነፍሰ ገዳይ ከእሷ ቀድሜ አውቄው ነበር፤ ተሳስቻለሁ እንጂ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እንከራከር ጀመር። አዎን፣ ልጅቱ መከራከር ጀመረች!

3. በዕለተ ጥፋቴ ስለ ጠፈር አብራሪዎች የሚተርከውን ተከታታይ ልብ ወለድ ሦስተኛ ቅጽ ይዤ ነበር። ሁለት ቅጽ ሙሉ ሲነታረኩ የከረሙት አብራሪዎች፣ ኦክስጅን ሊያልቅባቸው ሲል እንደሚዋደዱ ተናዘዙ። እኔም እልል አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ራስ ሲመለጥስ በሙያዬ አውቃለሁ፣ አፌ ሲያመልጥ ግን አላወቅሁም። የክፍሉ ሠራተኛ «እትዬ፣ እዚህ ሠርግ የለም!» ብለው አስወጡኝ። በማግስቱ «አዋቂ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። እኔ ባጠፋሁ ሌሎቹ አሳዳጊዎች መቀጣታቸውም አሳፍሮኛል።

4. ነገር ግን ያን ዕለት ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ሲያውካካ ልጅቱም ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ተዋርጄ ስወጣ እንኳ ደስታዬን የምይዝበት አጥቼ ደረጃውን በዝላይ ወረድኩ።

5. አሁን የመጨረሻው ቅጽ ገብቷል። አዳዲስ መጻሕፍት በውሰት ስለማይወጡ «አንብቢና ንገሪኝ» ብዬ ለመንኳት። «አልጀምረውም» አለች። «አንቺ አጠገቤ ካላበድሽ ምኑ ይጥማል?» ስለዚህ በየቀኑ ትገባለች፤ መጽሐፉን ሳትገልጥ ትወጣለች። እኔም አብራሪዎቹ ይትረፉ አይትረፉ ሳላውቅ የሰው ፀጉር አጣምሜ እየቆረጥኩ ነው።

ስለዚህ እገዳው እንዲነሣልኝ፣ ካልሆነም ለዚህ አንድ ቅጽ ብቻ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። አፌን በሻሽ አስሬ ለመቀመጥ ዝግጁ ነኝ። ጨርሶ ድምፅ አላሰማም ብዬ ግን አልምልም፤ ደራሲዋን አላምናትም።

ይህን አቤቱታ ያመጣችልዎ ልጅቱ ራሷ ናት፤ በርዎ ላይ ቆማለች። የጻፍኩት እውነት መሆኑን ከፈለጉ ጠይቀው ያረጋግጡ። ብቻ አስቀድመው ወንበር ይሳቡ፤ አሁን አንዴ ከጀመረች የሚያስቆማት የለም።

ከከበረ ሰላምታና ከብዙ ጉጉት ጋር፣

(ፊርማ)
ፀጉር ሠሪዋ፣ የልጅቱ አክስት