ምልክቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ውድ ልጄ መሳፍንት፣

የሞትህን ወሬ ያመጣልኝ ጓደኛህ ሙሳብ ነው። እዚህ ዓረብ አገር፣ አል አንሳብ ሰፈር፣ የምሠራላት ማዳም ቤት በረንዳ ላይ ምንጣፍ እያራገፍኩ ሳለ መጣ። የሥራ ባልደረቦችህ መኮራረፋችሁን ስላላወቁ መጀመሪያ የደወሉት ለእሱ ነበር። «እትዬ በላይነሽ፣ ቁጭ ይበሉ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። «መሳፍንት ሥራ ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ሳይደርስ ልቡ ቆመ» ብሎ እሱ ራሱ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

በዚያች ሰዓት እንኳ እውነቱን አልተናገርኩም። ልጄ፣ ሳልነግርህ የሄድክበትን ነገር ዛሬ እጽፍልሃለሁ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ታገሠኝ።

ያን ዓርብ ታስታውሰዋለህ። ማቢላ፣ ከሙሳብ ጋር በተከራያችሁት ቤት ግቢ ውስጥ፣ የመኪናህን ሞተር ቀበቶ፣ የታይሚንግ ቺንጋውን፣ ራስህ ልትቀይር መኪናዋን በክሪክ አንስተህ ነበር። የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ምሳ ይዤላችሁ መጣሁ። አሮጌውን ቺንጋ ከማውለቅህ በፊት ቺንጋው በሚዞርባቸው ጥርሳም ብረቶች ላይ፣ ከላይም ከታችም፣ በነጭ ቀለም ነጥብ አደረግክ። «እማዬ፣ እነዚህ ቦታቸውን ከሳቱ ሞተሩ ራሱን በራሱ ይሰብራል» አልከኝ። ከዚያ ወደ ሙሳብ ዞረህ፣ «እማዬን በረሃ ብትለቃት አሸዋውን በሳሙና ታጥበዋለች፤ አደራ ጠብቃት» አልከው።

«ታዲያ አንተን ለምን ሳታጥብህ ቀረች?» አለህ። ሦስታችንም ሳቅን።

የገዛኸው ቺንጋ ልኩ አልሆነም። ልታስለውጠው ሩዊ ወዳለው ሱቅ ሄድክ። ሙሳብ ሥራ አድሮ ስለነበር ቤት ገብቶ ተኛ። እኔ ብቻዬን ከዚያ ሁሉ ዘይትና እድፍ ጋር ቀረሁ። ዳር ዳሩን ብቻ ብዬ ነበር የጀመርኩት። እጄ ግን በሰው ቤት ሃያ ዓመት የለመደውን አደረገ። በሳሙና ስፈትግ ቀለሙ ከዘይቱ ጋር አብሮ ለቀቀ፤ ብረቱም በእጄ ዞረ። የነገርከኝ ትዝ ሲለኝ የፈተግኩበትን ጨርቅ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩት።

ስትመለስ ፊትህ ተለወጠ። «ማነው የነካው?»

«እኔ ምግብ ሳሞቅ ሙሳብ እዚህ ሲጎረጉር ነበር» አልኩህ።

አስቤ አልነበረም፤ ግን ከአፌ ወጣ። ሙሳብ ከእንቅልፉ ተነስቶ «ወላሂ አልነካሁም» እያለ ሲምልልህ አንተ እናትህን አመንክ። «ያላ፣ ከፊቴ ጥፋ!» አልከው። ምልክት ስላልነበረህ በግምት ገጠምከው። ቁልፉን ስታዞር አንድ ጊዜ ቀጭ አለ፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ አልተነሳም። ከሙሳብም ጋር ኻላስ፣ አበቃ። በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ሩዊ፣ ዘመዶቹ ዘንድ ገባ።

ስንት ጊዜ ልነግርህ ስልክ አንስቼ ተውኩት! እንዳታፍርብኝ ፈራሁ። ነገ ነገ ስል ሦስት ወር አለፈ፤ አንተም አለፍክ።

አስከሬንህ ወደ ሀገር ቤት እንዲሸኝ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተው ሙሳብ ነው። ለቅሶ ላይ ግን ውሸቴ ከአፍ ወደ አፍ ደርሷቸው ኖሮ ሴቶቹ «የጓደኛውን መኪና ያበላሸው ያ አይደል?» ሲባባሉ ሰማሁ። ያኔም ዝም አልኩ።

አርባህ በወጣ ማግስት ሩዊ ሄድኩ። ሙሳብ ከሚሠራበት ሱቅ ደጃፍ ቆመን ሁሉንም ነገርኩት።

«እሱ ይህን ሳያውቅ ሞተ?»

«ሳያውቅ።»

«ምነው እትዬ! ከሞቱ አንድ ቀን ቢቀድሙ ምን ነበር? ወላሂ፣ መኪናው አይደለም የሚያንገበግበኝ። ውሸታም ብሎኝ መሄዱ ነው።»

ይቅር በለኝ አልኩት። «ለእሱ ዱዓ አደርጋለሁ። ለእርስዎ ግን አሁን አልችልም» ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። እውነቱን ነው። አልለመንኩትም።

ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው የሰጠሁት የሙሳብን ስም ያጠፋሁት ሰው ፊት ስለሆነ ነው። ሙሳብ መኪናህን አልነካም። ዋሽቶህ አያውቅም።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፣ ልጄን በጸሎታችሁ አስቡልኝ። ጓደኛውን ያባረረው ክፉ ሆኖ ሳይሆን እናቱን ስላመነ ነው። ይህ እንዳይቆጠርበት ለምኑለት።

እናትህ በላይነሽ