የሙኒራና የወለላ ክኒን

ለተወደድኸው ወንድሜ ለደሞዝ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ሆነ? የላይፕዚግ ብርድስ ዘንድሮ በረታባችሁ ወይስ ራራላችሁ? ሸጊቱ አዲሱን ሥራዋን ለመደችው? ትንሹ ልጃችሁስ አማርኛውን ረሳው ወይስ ታናግሩታላችሁ? እኛ ከወለላ ሕመም በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። እኔ አሁንም አስተምራለሁ፤ አሁንም እቆጣለሁ። ፀሐይወርቅ «ሳትቆጣ የዋልህ ቀን እንደታመምህ አውቃለሁ» ትለኛለች።

በደብዳቤህ አዲሱ መድኃኒት ሠራ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ልጄ ወለላ ወደ ጥናቱ ትግባ ብለህ የመከርኸኝ አንተ ነህ፤ መድኃኒት ቀማሚም ስለሆንህ ትክክለኛ መልስ ይገባሃል። መልሴ አላውቅም ነው። የማላውቅበትን ምክንያት ግን አሳምሬ አውቃለሁ፤ እሱን ልጻፍልህ።

እንደምታስታውሰው የወለላ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ቅንጣቶች እያለቁ ነው። ገላዋ ሳይመታ ይበልዛል፤ አፍንጫዋ አንዴ ከደማ አይቆምም። ብዙ ሐኪም አንድም ቀን ሳያየው ጡረታ የሚወጣ በሽታ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመላለሱት ዶክተር ተክለ ጊዮርጊስ ከጎጃምና ከጎንደር ጥቂት ሕመምተኞች ሰብስበው ጥናቱን ጀመሩ። የቀድሞውን መድኃኒት ሁሉም ይወስዳል። በዚያ ላይ ለግማሾቹ አዲሱ ክኒን፣ ለግማሾቹ መልኩ ያው የሆነ ባዶ የስታርች ክኒን ይሰጣል። የማን የትኛው እንደሆነ ሕመምተኛውም ዶክተሩም አያውቁም፤ የሚያውቀው አዲስ አበባ ያለው ቢሮ ብቻ ነው። ይህን ሲያስረዱን ከተሰበሰበው ቤተሰብ ሁሉ ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እንዲህ ያለ የጠራ ሥራ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ሐኪም ቤት ሳለች ከወለላ አልጋ አጠገብ ሙኒራ የምትባል እኩያዋ ተኝታ ነበር። የቁንዝላው ዓሣ አጥማጅ የመስዑድ ልጅ ናት። ልጆቹ ከሐኪም ቤት ሲወጡ ደማቸው በየሳምንቱ መመርመር ነበረበት፤ ቁንዝላ ደግሞ በጀልባ ሩቅ ነው። ስለዚህ ሙኒራንና እናቷን ዘኪያን ሹም አቦ ባለው ቤታችን፣ በጓሮው ክፍል አሳረፍናቸው። እንግዳ ለማስመዝገብ ቀበሌ ስንት ጊዜ እንደተመላለስሁ ብጽፍልህ ወረቀቱ አይበቃኝም። ሁለቱ እናቶች፣ ፀሐይወርቅና ዘኪያ፣ ግን ተዋደዱ። ሥጋችን እንደምታውቀው አይገናኝም፤ መስዑድ የሚልከው ዓሣ ባርኮ የሚያርድ ስለማያሻው እሱን አንድ ላይ ሠርተው አንድ ላይ ይበላሉ።

የገና በዓል እንዳለፈ ወለላ መሻል ጀመረች። የገላዋ ብልዝ ጠፋ፤ ድዷም መድማቱን ተወ። ሙኒራም እንዲሁ ተሻላት። ሁለቱም አዲሱ ደርሷቸዋል ብዬ በልቤ ደምድሜ ሳለ፣ አንድ ጧት ዘኪያ በረንዳው ላይ ከሁለቱም ጠርሙስ ክኒን አውጥታ ለሁለቱ ልጆች እኩል ስታካፍል አገኘኋት። ፀሐይወርቅ ሳህኑን ይዛላታለች።

ምን እየሠራችሁ ነው አልሁ። ዘኪያ አልደነገጠችም። «ጋሽ ዳኘው፣ ዶክተሩ ለአንዷ ደርሶ ለሌላዋ ላይደርስ ይችላል አላሉም? እኛ ዘንድ በአንድ ታንኳ የወጡ ሰዎች፣ መረቡ የማንም ይሁን የማን፣ የያዙትን ይካፈላሉ። ከሁለቱም ከቀመሱ ባዶ እጇን የምትቀር የለችም» አለችኝ። ለካስ ከሐኪም ቤት ጀምረው እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ፣ ሁለት ነገር ቀላቅላችሁ አትመዝኑ ስል የኖርሁ ሰው ነኝ። ጎረቤት እስኪሰማኝ ጮኽሁ። ፀሐይወርቅ ጨርሼ እስክተነፍስ ጠብቃ «ልጅህ የፈተና ወረቀት አይደለችም፣ ቁጭ ብለህ የምታርማት» አለችኝ።

ቁጣዬ ሲበርድ ነገሩን አሰብሁት። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ክኒኑም ይቀጥላል። ነገር ግን ባዶው የተመደበላት ልጅ ከሌላዋ እኩል ከተሻላት፣ ጥናቱ አዲሱና ባዶው አንድ ናቸው ይላል። መድኃኒቱ የሚሠራ ቢሆን እንኳ አይረባም ተብሎ ይጣላል። ነገ ከደብረ ታቦር ወይም ከመተከል አንዲት የማላውቃት ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ስትመጣ የሚሰጣት አይኖርም። ብናገር ደግሞ ልጆቻችን ከጥናቱ ይወጣሉ፤ ክኒኑም ይቆምባቸዋል። ይህን ለሁለቱ ሴቶች ልክ ለአንተ እንደጻፍሁት አስረዳኋቸው። ፀሐይወርቅ አለቀሰች። ዘኪያ ሻሿን አስተካክላ «እንግዲያው ይንገሩ። እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ፤ ያካፈለው የእኔ እጅ ነው» አለች።

ሄደን ለዶክተሩ ነገርናቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ እኔ ብሆን እቆጣ ነበር። እንዳይቀላቀል ሳያስጠነቅቁ መቅረታቸው የራሳቸውም ጥፋት እንደሆነ ነገሩን። ሁለቱንም ልጆች ከጥናቱ ሰረዙ። ከዚያም አዲስ አበባ ደውለው ለየትኛዋ ምን እንደተመደበ ጠየቁና መልሱን ለእኔና ለዘኪያ አንድ ላይ ነገሩን። አዲሱ መድኃኒት የሙኒራ ነበር። የወለላ ጠርሙስ ስታርች ነው።

ስለዚህ ልጄ የዋጠችው አዲስ መድኃኒት ሁሉ ከሙኒራ ጠርሙስ የወጣ ነው። የተሻላት በእሱ ይሁን፣ በቀድሞው መድኃኒት ይሁን፣ ወይም ሕመሙ በራሱ ጊዜ ጋብ ብሎላት ይሁን ማንም ሊናገር አይችልም። አላውቅም ያልሁህ ለዚህ ነው።

ዶክተሩ የወለላን ጠርሙስ መልሰው ወሰዱ፤ ሙኒራ ግን የጀመረችውን እንድትጨርስ በእጇ ያለውን ተዉላት። ወደ ቤት ተመለስን። ለወለላም አካፍይልኝ ብዬ ዘኪያን እንዴት እጠይቃታለሁ? የገዛ ልጇ ድርሻ በግማሽ ሲቀነስ እንደኖረ አሁን ታውቃለች። በማግሥቱ ጧት ከዚያው ጠርሙስ አውጥታ ለሁለቱም እንደወትሮው ሰጠች። ግማሹ ይበቃ እንደሆነ ዶክተሩን ጠይቄ፣ ማንም ያልመዘነው ነገር ነው ብለውኛል። ስለዚህ ልከለክላት ይገባኝ ነበር። አልከለከልኋትም።

ጠርሙሱ ከፋሲካ በፊት ያልቃል። የመድኃኒቱን ስም ዶክተሩ በላቲን ፊደል ጽፈውልኝ አያይዤልሃለሁ። ከአንተ በፊት ይህን ደብዳቤ የሚከፍት ካለ፣ የምስጢር ጽሑፍ ሳይሆን የመድኃኒት ስም መሆኑን ይወቅልኝ። ለሁለት ልጆች የሚበቃ ፈልግ። ተፈልጎ ለአንዲት ብቻ የሚበቃ ከተገኘ በሙኒራ መስዑድ ስም ላከው፤ ሙሉውን እሷ ትወስደዋለች። ዘኪያ ላካፍል ብትል ያን ጊዜ የምከለክላት እኔ ነኝ። ፀሐይወርቅ ይህን መስመር አንብባዋለች፤ ሰርዘው አላለችኝም።

ወለላ «አጎቴ ስለ እኔ እንቅልፍ አይጣ» ብላለች። ፀሐይወርቅ ሸጊቱን በናፍቆት ትስማታለች። ዘኪያና መስዑድ ሳያውቁህ ሰላም ብለውሃል፤ ሙኒራም እንዲሁ። ለሸጊቱ አክብሮቴን አድርስልኝ፤ የልጃችሁን ግንባር ሳምልኝ።

ወንድምህ ዳኘው

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
የካቲት ፱ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.