ከሱቅ በር የተረፈው ሰማያዊ ቀለም

ዐብዲፈታሕ፣

ከሱብሂ ሶላት ስትመለስ ሞተሯን ካጣሃት አትደንግጥ፤ ምርመራ ይዣት ሄጃለሁ። ወረፋው ሳይረዝም ልድረስ ብዬ ነው እንጂ ካንተ እየሸሸሁ አይደለም።

ውሃ ስለመጣ ጀሪካኖቹን ሞልቻለሁ። ፉል ከድኜልሃለሁ፤ ዳቦ አንተ ግዛ።

የትናንቱ ነገር።
ያገለገለ ሞተር በስሙ ሊያዞር የሄደ ሰው የሻንሲ ቁጥር ማሳየት አለበት። አንተ ደግሞ መርማሪው ፊት እንድታምር ብለህ፣ ከሱቅህ በር በተረፈ ሰማያዊ ቀለም ቁጥሩንም ጨምረህ ለቀለቅከው! ምርመራው ወረፋ ላይ ያን ሁሉ ሰው ፊት የጮህኩብህ ለዚህ ነው። በዚያ ፀሐይ በእግርህ ወደ ቤት ሂድ ግን አላልኩህም።

ማታ አንተ በርህን ዘግተህ ስታኮርፍ ቁጥሩን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አወጣሁት። ከሊብሬው ጋር ሳመሳክር፣ እዚያው ከቁጥሩ ሥር «ቀለም፦ ሰማያዊ» ይላል። አቦ፣ እኔ ሦስት ሳምንት ተከራክሬ የገዛኋት ቀይ ነበረች! ሊብሬውን አንድ ቀን እንኳ አላነበብኩትም። መርማሪው «ቀለሙስ ልክ ነው» ሲል ያሾፈብን መስሎኝ ነበር። ቀይ እንደሆነች ብወስዳት በቀለሟ ብቻ ይመልሰኝ ነበር።

በርህን ላንኳኳ መጥቼ ነበር።
ተመለስኩ።

አራት ሰዓት ላይ ደቻቱ ድልድይ ጋ ጠብቀኝ፤ መጥቼ እወስድሃለሁ። ትናንት የሳቁብህ ሰዎች ዛሬም ወረፋ ላይ ካሉ፣ ከኋላዬ ተቀምጠህ በፊታቸው ቀስ ብለን እናልፋለን።

የተረፈውን ቀለም አትፈልገው፣ ደብቄዋለሁ። ዛሬ አዲስ ታርጋ ይዘን ነው የምንገባው።

ሰይፈ ሚካኤል