እጅ ወደ ላይ፣ እግር ወደ ኋላ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም «ወይኔ» ያሰኝሻል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽን እንቅስቃሴ ትሠሪያለሽ? እንደማትሠሪ አውቃለሁ፤ ልጠይቅ ብዬ ነው። የአባዬ ሳል ለቀቀው? ታናሼስ ፈተናውን እንዴት አደረገው? እኔ ተመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም። እንዲያውም ደስታው ብቻዬን አልቻል ብሎኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። የሥራው ነገር ሆነልኝ! ሦስቱ የሙከራ ወራት አልቀው ዓርብ ዕለት ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ። በይ እልል በይና ቀሪውን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ጭቃ የጠጣ ካልሲዬን እያጠብሽ «ይሄ ኳስ ምን ይሠራልሻል?» ስትይኝ ለነበረው፣ መልሱን አሁን አገኘሁልሽ። ጋሽ ፊሽካ ቀኑን ጫማ ሲሰፉ ውለው አመሻሽ ላይ የሰፈሩን ልጆች ሲያሠለጥኑን አንድ ሕግ ነበራቸው። ያበላሸ ልጅ ማንም ሳይጠይቀው እጁን ያነሳል፤ ከዚያ ቆሞ መነፋረቅ የለም፣ ኳሱን ለማስመለስ ወደ ኋላ ይሮጣል። «እጅ ወደ ላይ፣ እግር ወደ ኋላ!» የሚለው ጩኸታቸው እኮ ኩሽናሽ ድረስ ይሰማ ነበር።

የምሠራበት ድርጅት በርና መስኮት ነው የሚሠራው። ተመርቄ የተሰጠኝ ድርሻ ሕንፃው ድረስ ሄጄ መለካት፣ ልኩንም ለመስታወት ቆራጩ በወረቀት ማቀበል ነው። ቆራጩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «አንቺ ዲግሪ» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን መስታወት ተሸክመው ሲያልፉ ከኋላቸው ጋሪ ሲመጣ አየሁና፣ ኳስ ሜዳ ላይ እንደለመድኩት «ሰው መጣብዎት!» ብዬ ጮህኩ። መስታወቱን ሊለቁት ምንም አልቀራቸው!

የእኔ ሜትር ጫፉ ተበልቷል። ስለዚህ ከአሥር ሳንቲሜትር ጀምሬ እለካና ኋላ አሥሯን እቀንሳለሁ። ባለፈው ሰኞ ሕንፃው ላይ ቀንሼ ጻፍኩ፤ ቢሮ ገብቼ ስገለብጥ ደግሞ ድጋሚ ቀነስኩ። ስድስት መስታወት ተቆርጦ ሄደ፣ ስድስቱም ጎዶሎ ሆኑ። ሊያስገጥም የሄደው ፎርማናችን ተመልሶ መጥቶ በሁላችን ፊት ጋሼ ላይ ወረደባቸው። ዓይንዎ ደክሟል፣ ጡረታ ይውጡ አላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና እጃቸውን ገልብጠው አዩት። እውነትም ጥፋቱ የእሳቸው መስሏቸው ነበር! ልኩን የጻፍኩበት ወረቀት ግን ከተቆረጠ በኋላ ተመልሶ እኔ ኪስ ገብቷል፤ ስህተቱን ከእኔ በቀር ያየ የለም። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ የቀረው አራት ቀን ነው። አልዋሽሽም፣ ዝም ልል አስቤ ነበር።

እጄ ግን እኔን ሳያማክር ወደ ላይ ወጣ። ፎርማኑ «ምንድን ነው፣ ክፍል ውስጥ ያለሽ መሰለሽ እንዴ?» ሲለኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አሥሯን ሁለቴ ቀንሻታለሁ አልኩ። ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚያማ ማን ይቆማል፣ ሜትሬን ይዤ ወደ ሕንፃው በረርኩ። እንደ አዲስ ስለካ የመታጠቢያ ቤቶቹ መስኮቶች ገና መስታወት እንዳልገባላቸው አየሁ፤ ትንንሾች ናቸው። ስድስቱም ዳር ዳራቸው ተከርክሞ እዚያ ልክክ አሉ! ከደስታዬ ብዛት ግብ እንዳገባ ሰው ኮሪደሩን እየጮህኩ ዞርኩት።

ዓርብ ዕለት ሥራ አስኪያጇ ስታስጠራኝ ግን ልታባርረኝ መስሎኝ ሜትሬን ላስረክብ ይዤ ነው የገባሁት። ሰው ሳይደርስብሽ ጥፋትሽን ከተናገርሽ ከአንቺ ጋር መሥራት አያሰጋኝም ብላ ፈረመችልኝ። ጋሼ በር ላይ ጠብቀው ጫፉ ያልተበላ ሜትር ሰጡኝ። አሁንማ ድርጅቱን በክዬዋለሁ፤ የሻይ ብርጭቆ የሰበረ ሁሉ እጁን እያነሳ ይመጣል። ፎርማኑ ራሱ ትናንት «ያለ ጥፋትዎ ነው የተቆጣሁዎት» ብሎ ጋሼ ፊት እጁን አነሳ።

እማዬ፣ ጋሼ እጃቸውን ገልብጠው ሲያዩ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሳሎን የነበረው የእናትሽ መስታወት የተሰበረ ዕለት፣ «መስኮቱን ሳልዘጋ ወጥቼ ነፋስ ጣለው» ብለሽ እንዲሁ እጅሽን ስታዪ ነበር። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ ከቤት በወጣሽ ቁጥር ተመልሰሽ መስኮት ትፈትሻለሽ፤ በዚያ ጉልበትሽ! እናቴ፣ ነፋስ አልነበረም። ቤት ውስጥ ኳስ ሳነጥር እኔ ነኝ የሰበርኩት። መስታወቱን ከሰበርኩ በኋላ፣ ነፋስ እንዲመስል መስኮቱን የከፈትኩትም እኔው ነኝ። ያኔ ፈራሁ፣ ኋላ ደግሞ አፈርኩ። ይኸው አሁን እጄን አነሳሁ፤ ይቅር በይኝ። በሚቀጥለው ወር እረፍት ስለተፈቀደልኝ መጣሁልሽ፤ ጋሼም አዲስ መስታወት ሊቆርጡልኝ ቃል ገብተዋል።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ሲጋራውንም ደብቂልኝ። ታናሼ አልጋ ሥር ያለውን የድሮውን መስታወት ፍሬም ለክቶ ይላክልኝ፤ አሥር እንዳይቀንስ አደራ። አክስቴን የሠራችልኝ ሹራብ አሁንም ይሞቃል በያት። ጋሽ ፊሽካን ሱቃቸው ድረስ ሄደሽ፣ አራት ቁጥር ማልያ ለባሿ ሕጉን አልረሳችም በያቸው።

አንቺ ደግሞ ከነገ ጀምሮ መስኮቱን አንዴ ዝጊና ሂጂ። እንዳትመለሺ።

ጥፋተኛዋ ልጅሽ

ከመስኮቷ ሥር ካለችው ጠረጴዛዬ፣
እሑድ ጠዋት፣ ሰኔ 8 ቀን